ለጥላ ወፍ ሲባል

በሸንጋ ቀበሌ ከንጋቱ አሥራ አንድ ሰዓት እስከ ጠዋቱ ሁለት ሰዓት ድረስ ሰው ድምፁን አያሰማም። የበር ማጠፊያ ሁሉ በሰም የታሸ ነው። ደጅ የሚወጣ ሰው ወፍራም የጨርቅ ጫማ ያጠልቃል። አውራ ዶሮ ከተከለከለ ዘጠኝ ዓመት አልፎታል፤ ውሻም እንደዚያው። ሳል የያዘው ሰው ወደ ወረዳው ከተማ ይወርድና እስኪሻለው እዚያው ይሰነብታል። ቀኗ የገባ እርጉዝም እንዲሁ ትወርዳለች፤ ምጥ የቀደማት ደግሞ ጨርቅ ነክሳ ትወልዳለች። በ2081 ዓ.ም. የወጣው የቀበሌው ደንብ ለዚህ ሁሉ የሚሰጠው ምክንያት ሦስት ቃል ብቻ ነው፤ «ለጥላ ወፍ ሲባል።»

የጥላ ወፍ ከእርግብ ያንሳል፣ ከድንቢጥ ይበልጣል። ደረቱ የተተኮሰ ሸክላ ይመስላል፤ ክንፉ ላይ ሁለት ነጭ ሰረዝ አለው። ዓይኑ ለአካሉ ትልቅ ነው፤ ፀሐይ መሬት የማትነካበት ጫካ ውስጥ ነው የሚኖረው። የሚበላውን የሚፈልገው ከመሬት ነው፤ የረገፈ ቅጠል በመንቁሩ እየገለበጠ ትልና ቀንድ አውጣ ይለቅማል። አንድ ጥንድ በዓመት ሁለት ጫጩት ካሳደገ ደኅና ዓመት ነው። ገላጣ መሬት አይሻገርም፤ ሁለት መቶ እርምጃ የማይሞላ ሜዳ እንኳ ካጋጠመው ፊቱን ያዞራል። የሚዘምረው ወንዱ ነው፤ ጎህ ሲቀድና ጀምበር ስትጠልቅ። ዝማሬው ለሰው ጆሮ ያምራል እንጂ ትርጉሙ «ይህ ቦታ ባለቤት አለው፣ እለፍ» ማለት ነው። ዜማውን ከአባቱና ከጎረቤት ወንዶች እየሰማ ይማረዋል። ስለዚህ የአንዱ ሸለቆ ዜማ ከሌላው ይለያል፤ የዘንድሮውም ከአምናው ትንሽ ፈንጠር ይላል።

አስናቁ ጋኖ ይህን ያወቀችው ከመጽሐፍ አይደለም። አባቷ ቀፎ ሰቃይ ነበሩ፤ ማር ቆረጣ ከመታገዱ በፊት ጫካውን እንደ ጓሯቸው ነበር የሚያውቁት። እሷም በልጅነቷ ከኋላቸው እየተከተለች ወፉን በድምፅ ለየች። የሕያው ደኖች ጽሕፈት ቤት ሸንጋ ላይ ጣቢያ ከፍቶ አድማጭ ሲቀጥር ከሁሉ ቀድሞ የተመረጠችውም በዚህ ምክንያት ነው። አሁን ሃምሳ ሦስት ዓመቷ ነው።

ሥራዋ ቀላል ይመስላል። ከንጋቱ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ከደኑ ጫፍ ባለችው ስድስተኛዋ ጣቢያ በርጩማ ላይ ትቀመጣለች። ወፉ በዘመረ ቁጥር ቁልፍ ትጫናለች። ማሽኑ ራሱ ይሰማል፤ ግን ሰው ያልመሰከረበት ድምፅ በሕግ አይጸናም። የዓመቱ ቆጠራ ከመስፈርቱ በላይ ከሆነ ደኑ ከሕያዋን መዝገብ ላይ ይቆያል። ከወረደ ይሰረዛል፤ የተሰረዘ ደን በስድስት ወር ውስጥ ለመጋዝ ይሰጣል። በአጎራባች ወረዳ ሦስት ደኖች እንደዚያ ሄደዋል። አስናቁ ጉቶአቸውን አይታለች።

ባሏ ኮቺቶ የሞተው በ2087 ዓ.ም. በጥቅምት ወር ነው፤ ጎህ ሲቀድ። ነፍሱ እንደወጣች የጣቢያው ጠባቂ በጨርቅ ጫማው መጥቶ በሩ ላይ ቆመና በሹክሹክታ፣ «እግዚአብሔር ያጽናዎት እትዬ። እባክዎ፣ እስከ ሁለት ሰዓት ብቻ» አላት። እሷም ነጠላዋን አፏ ውስጥ ጎሰጎሰች። ጎረቤቱ ሁሉ ግድግዳ ተደግፎ በአፉ ላይ እጁን ጫነ። ሁለት ሰዓት ሲሞላ ጠባቂው ሰዓቱን አይቶ ራሱን ነቀነቀላት፤ አሁን ማልቀስ ይቻላል ማለቱ ነበር። ያን ጊዜ ግን ልቅሶው እምቢ አለ። ከዚያ በኋላም አልመጣላትም። ለሰው አልተናገረችም፤ ወፉ ጎጆውን ጥሎ እንዳይሄድ ነው እያለች ራሷን አጽናናች።

በ2090 ዓ.ም. ሚያዝያ ወር ውስጥ አንድ ቀን ንጋት ላይ በረዶ ወረደ። የባቄላ ፍሬ የሚያክል ነበር፤ ቅጠሉን እየበሳ፣ ቅርንጫፉን እየገነጠለ ወረደ። ጉሬዛው አፉን ዘጋ። እንቁራሪቱ ዝም አለ። አስናቁ በጣቢያዋ ጣሪያ ሥር ተኮራምታ ስትጠብቅ የጥላ ወፉ ዘመረ።

አምስቱንም ሐረግ ከነማሳረጊያው ጨረሰ። ሳይጣደፍ፣ ሳይንቀጠቀጥ። ጥቂት ቆይቶ ደገመው፤ ያው ራሱ።

እጇ ቁልፉ ላይ ቀረ። አባቷ፣ «በበረዶ የሚዘምር ወፍ ወይ አብዷል ወይ ወፍ አይደለም» ይሉ ነበር።

አድማጭ ከጣቢያው አልፎ ወደ ደኑ መግባት ክልክል ነው፤ የሰው ኮቴ ወፉን ይረብሸዋል ተብሎ። አስናቁ በዘጠኝ ዓመት ውስጥ አንድም ቀን የድንበሩን ገመድ አልፋ አታውቅም። በረዶው ሲያባራ አለፈችው። ሦስት መቶ እርምጃ ያህል ከተጓዘች በኋላ ዝማሬው በላይዋ ላይ ሆነ። ቀና ብላ አየች። አንድ ግዙፍ የቀረሮ ዛፍ ላይ፣ ከሰው ቁመት ትንሽ ከፍ ብሎ፣ የዛፍ ልጣጭ የመሰለ ቀለም የተቀባ የጫማ ካርቶን የሚያህል ሣጥን ተሰቅሏል። ፊቱ ወንፊት መሳይ ብረት ነው። ብረቱ በብዙ ቦታ ተቦርቡሯል፤ ጭረትም ሞልቶታል።

ከዛፉ ሥር ቅጠል ላይ አንድ የጥላ ወፍ ወድቋል። ከሞተ ቆይቷል፤ ደርቆ ቀሏል። ወንድ ነው። የመንቁሩ ጫፍ ተሰብሯል።

ማንም አላስረዳትም፤ ማስረዳትም አላስፈለገም። ወፉ በገዛ ቀዬው ሌላ ወንድ «ይህ ቦታ ባለቤት አለው» ሲለው ሰምቷል። መልሶለታል። ባላጋራው አልሸሸም። ሕያው ባላጋራ ቢሆን ይደክመዋል፤ ወይ ይሸሻል ወይ ይዋጋል። ይህኛው አይደክመውም፤ በየንጋቱና በየምሽቱ ያንኑ ይላል። ጉልበት ያለው ወፍ ሣጥኑን ሲመታ ይሞታል። ጉልበት የሌለው ጥሎ ይሄዳል። እሷ ለዘጠኝ ዓመት እየቆጠረች በምስክርነት ያጸደቀችው ደግሞ ሣጥኑን ነው።

ወፉን በመሐረቧ ጠቅልላ ወደ ጣቢያ ኃላፊው ወደ አቶ ሱራፌል ቢሮ ሄደች። ሱራፌል በወጣትነቱ ከከተማ የመጣ፣ አሁን ወደ አርባ የሚጠጋ፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ የማያውቅ ሰው ነው።

«አቶ ሱራፌል፣ ስንት ናቸው?»

«ምኖቹ እትዬ?»

«ሣጥኖቹ።»

አልካደም። ወንበር ሳበላት። «ሁለት መቶ አሥራ አራት። ይቀመጡ።»

«ቆሜ ይሻለኛል። ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«ከሰባ ዘጠኝ። ያን ጊዜ ዝናቡ ተዛብቶ ወፉ በጣም ቀነሰ። ቆጠራው ከመስፈርቱ ሊወርድ ሆነ። ቢወርድ ኖሮ ደኑ ዛሬ የለም፤ እናንተም የላችሁም። ለጊዜው ብለን ነው የሰቀልነው።»

«ከእኔ መቀጠር በፊት ማለት ነው። ደንቡም ሳይወጣ።»

«አዎ።»

«ታዲያ እኛን ለምን ዝም አሰኛችሁን?» አለች። ይህን ስትጠይቅ ድምፏ ገና ዝቅ ያለ ነበር፤ የልማድ ነገር ሆኖባት። «ሣጥን አይደነግጥ።»

ሱራፌል ብዕሩን አስተካክሎ አስቀመጠ። «የሰው ድምፅ ሲቀላቀልበት ማሽኑ ቆጠራውን ይስታል። ለዚያ ነው። ለወፉ ነው ማለቱ ለሰው ይቀላል ብለን ነው እንጂ...»

አስናቁ መሐረቡን ጠረጴዛው ላይ ፈታችው። ሱራፌል የደረቀውን ወፍ አንድ ጊዜ አየና በወረቀት ሸፈነው።

«እትዬ አስናቁ፣ እውነቱን እንነጋገር ከተባለ ደኑን ያቆመው ሣጥኑ ነው። ከወፉ የተሻለ ሠርቷል። አንድ ቀን አልቀረም።»

እስከዚያች ደቂቃ አንቱ ስትለው ኖራለች። «ስማ ሱራፌል» አለች። «ባሌ ሬሳው ፊቴ ተጋድሞ አፌን በጨርቅ አስወትፈኸኛል። ጠባቂህ ሰዓት ይዞ ቆሞብኝ ነበር። ወፉ እንዳይሄድ ብዬ ነው የቻልኩት። አንተ ለቆጣሪህ ነው ያስቻልከኝ!»

ሰዓቱ ገና አንድ ተኩል ነበር። ኮሪደሩ ላይ የነበሩት ሠራተኞች ሁሉ ባሉበት ደርቀው ቆሙ። እዚያ ሕንፃ ውስጥ በዚያ ሰዓት ሰው ሲጮኽ ሲሰሙ የመጀመሪያቸው ነው። እሷ ወረቀቱን ገፋ አድርጋ ወፉን አንሥታ ወጣች።

ወሬውን የነገረችው ለአንድ ሰው ነው፤ ለጎረቤቷ ለድንቄ። ድንቄ የሦስት ልጆች እናት ናት፤ ሁለቱን ጨርቅ ነክሳ ነው የወለደቻቸው፤ የታችኛው ጥርሷ ያኔ ተነቃንቆ እስካሁን አልጠናም። ነገሩን እስከ መጨረሻው ሰማች። መንጋጋዋን በእጇ ያዘች።

«ለሣጥን?» አለች።

«ለሣጥን።»

ድንቄ ወደ ልጆቿ ዞር ብላ አየችና፣ «ብትናገሪ ግን ደኑ ይሰረዛል» አለች። «ይቆርጡታል። ምንጩ ይደርቃል። ልጆቼን ይዤ የት ልግባ?»

«እሱን እኔም አላውቅም። የማውቀው ሣጥኑ ካለ ወፍ እንደማይመለስ ነው። ወፍ የሌለበትን ደን ደግሞ አንድ ቀን ይደርሱበታል።»

«አስናቁ፣ እኔ ምንም አልሰማሁም። እባክሽ። አልነገርሽኝም» አለችና ድንቄ በሩን ቀስ አድርጋ፣ ያለ ድምፅ፣ ዘጋችው።

አስናቁ ሦስት ቀን አሰበች። በአራተኛው ቀን ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ የእንሰት መቁረጫዋን ትልቁን ቢላ ይዛ ወደ ጣቢያዋ ጀርባ ሄደች። ሣጥኖቹን ሁሉ የሚያገናኘው ዋናው የኤሌክትሪክ ገመድ እዚያ ከመሬት ብቅ ብሎ ወደ ደኑ ይገባል። እጀታውን በጎማ ጠቅልላ ነበር። በሦስት ምት ቆረጠችው። ከዚያ ወደ ሱራፌል ቢሮ ሄዳ ቢላውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችና ፖሊስ እስኪመጣ በረንዳው ላይ ተቀመጠች።

በዚያ ምሽት ደኑ ውስጥ የጥላ ወፍ አልዘመረም። በማግሥቱም ንጋት አልዘመረም። በዚያ ሰሞን ነው የጽሕፈት ቤቱ ነገረ ፈጅ ክሱን ያቀረበው። ክሱ ንብረት ማበላሸት አልነበረም። «የጥላ ወፍን ዘር ሆን ብሎ ከሸንጋ ደን ማጥፋት» ይላል። ሕጉ ላይ «የጥላ ወፍ ማለት በብሔራዊ የድምፅ መዝገብ የሰፈረው ድምፅ ነው» ተብሎ ተተርጉሟል፤ ያ ድምፅ ከዚያን ቀን ጀምሮ አይሰማም፤ እንዳይሰማ ያደረገችው ተከሳሿ ናት። ነገሩ በወረቀት ላይ ቀዳዳ አልነበረውም።

የዞኑ ፍርድ ቤት አስናቁን በዋስ ለቀቃት። ወደ ሸንጋ ስትመለስ ግን ሰላም የሚላት ሰው አጣች። ምንጭ ስትወርድ ሴቶቹ እንስራቸውን አንሥተው ይሄዳሉ። አንድ ሽማግሌ፣ «ልጆቻችንን መንገድ ላይ በተንሻቸው» አሏት። እውነት ሊሆን እንደሚችል አስናቁ ታውቃለች። ድንቄ በእንሰቷ መሐል ስታያት ፊቷን ታዞራለች። ደኑ ጸጥ እንዳለ ሠላሳ ቀን ሆነው፤ ሠላሳ አምስት ሆነው። አስናቁ በየማለዳው ደጇ ላይ ተቀምጣ ታዳምጣለች። ምንም። ንዴቷ አልበረደም፤ ፍርሃት ግን ተጨመረበት።

በችሎቱ ቀን ዳኛዋ እማዋይሽ ክሱን አስነብበው የእምነት ክህደት ቃሏን ጠየቋት። ዳኛዋ ጡረታቸው የደረሰ፣ ነጭ ጸጉራቸውን ወደ ኋላ ያስያዙ ሴት ናቸው።

«ገድለሻል ወይስ አልገደልሽም?»

«ክብርት ዳኛ፣ የገደልኩትን ወፍ ሬሳ ያምጡልኝ» አለች አስናቁ። «እነሱ የላቸውም። እኔ ግን አለኝ።» መሐረቧን ፈታች። «ይኸው። መንቁሩን ያያሉ? ሣጥናቸውን ሲመታ ነው የሰበረው። ይህን ማን ገደለው? ይህስ በየትኛው መዝገብ ላይ አለ?»

ነገረ ፈጁ ተነሥቶ፣ የቀረበው ነገር ድምፅ የማያሰማ ስለሆነ በሕጉ ትርጉም የጥላ ወፍ እንዳልሆነ አስረዳ። ችሎቱ ውስጥ አንድ ሰው ሳቀ፤ ከዚያ ሌላ ማንም አልሳቀም። ዳኛዋ ለረጅም ጊዜ ወፉን ሲያዩ ቆዩና ቦታው በችሎቱ እንዲታይ አዘዙ።

ገመዱ ከተቆረጠ በአርባ ሁለተኛው ቀን፣ ጀምበር ልትጠልቅ ስትል፣ ዳኛዋ፣ ነገረ ፈጁ፣ ሱራፌልና ማሽን የያዘ አንድ ቴክኒሽያን ከስድስተኛዋ ጣቢያ ፊት ቆሙ። አስናቁ በሁለት ፖሊሶች መሐል ነበረች። የቀበሌው ሰው ራቅ ብሎ ተሰበሰበ፤ ድንቄም ትንሿን ልጇን አዝላ ከመሐላቸው አለች። ሁሉም ዝም አሉ። እነሱ ዝም ማለት ያውቁበታል።

ሩብ ሰዓት ያህል ምንም አልተሰማም። ነገረ ፈጁ ሰዓቱን አየ።

ያን ጊዜ ከወደ ግራ፣ ከድንቄ እንሰት ጓሮ በታች ካለው ቆሻሻ ከሚጣልበት ገደል፣ አንድ ድምፅ ተነሣ። ሻከር ያለ ነው። ሁለት ሐረግ ብሎ ያቆማል፤ እንደገና ይጀምርና ሦስተኛውን በሌላ መንገድ ይወስደዋል። በሣጥኑ ዜማ ጆሮው ለለመደ ሰው የተሳሳተ ይመስላል። ቀጥሎ ድምፁ ከገደሉ ወጣና ከደኑ ጫፍ ተሰማ። ከዚያም ትንሽ ገባ ብሎ። ቀዬውን እየለካ ነበር። አስናቁ ወደ ድምፁ አንድ እርምጃ ተራመደች፤ ፖሊሱ ክንዷን ያዛት።

«ያ ወፍ ነው እንዴ የጥላ ወፍ?» አለች ድንቄ ከገደሉ የወጣውን ወፍ በዓይኗ እየተከተለች ከሕዝቡ መሐል። «ጓሮዬ ውስጥ ስንት ዓመት ቅጠል ሲጭር የኖረው? እኔ ተራ ወፍ መስሎኝ!»

ዳኛዋ ወደ ቴክኒሽያኑ ዞሩ። «ማሽኑ ምን ይላል?»

ቴክኒሽያኑ አነበበ። «ያልታወቀ ድምፅ። በመዝገቡ ላይ ካለው ጋር ያለው ዝምድና ዘጠኝ በመቶ። ክብርት ዳኛ፣ እንደ ሁካታ ነው የሚይዘው። ላጣራው?»

«ተወው» አሉ ዳኛዋ።

አሥራ አንድ ዓመት በገደል ውስጥ ጥቂት ሆነው የኖሩ ወፎች ባላጋራው እንዳይሰማቸው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ዜማቸውን እርስ በርስ እየተማማሩ ለውጠውታል። ሣጥኑ ግን በ2079 ዓ.ም. እንደቆመ ቀርቷል። ማሽኑ የሚያውቀው የቆመውን ነው።

ፍርዱ ከሁለት ሳምንት በኋላ ተነበበ። «ጆሮዬ የሰማው ሌላ፣ ሕጉ የሚለው ሌላ ነው» አሉ ዳኛ እማዋይሽ። «እኔ ሕግ አልጽፍም። በሕጉ ትርጉም ተከሳሿ ጥፋተኛ ናት።» ሁለት ዓመት ፈረዱባት። አስናቁ ቆማ ሰማች። «ይህ ፍርድ አይደለም!» ብላ ጮኸች፤ ፖሊሶቹ ሲጎትቷትም አላቆመችም፤ ዳኛዋም ዝም በይ አላሏትም። ጩኸቷ እስኪያልቅ ጠበቁና ሁለተኛውን ገጽ ገለጡ።

«ይሁን እንጂ» ብለው ቀጠሉ፣ «በደኑ ውስጥ ባለቤቱ ያልታወቀ ድምፅ መኖሩን ችሎቱ በቦታው ተገኝቶ አረጋግጧል። የድምፁ ባለቤት ተለይቶ በመዝገብ እስኪሰፍር ድረስ ደኑን መሰረዝም፣ መቁረጥም፣ ማንኛውንም መሣሪያ በውስጡ መስቀልም በዚህ ትእዛዝ ታግዷል።»

ነገረ ፈጁ ነገሩ የገባው ወደ በሩ ሲደርስ ነው። ቆም ብሎ ወደ ኋላ ዞረ፤ ዳኛዋ ግን መዝገቡን ዘግተው ተነሥተው ነበር።

በሐምሌ ወር ድንቄ ወደ ዞኑ ማረሚያ ቤት መጣች። ሁለቱ ሴቶች በብረት ሽቦ ግራና ቀኝ ተቀመጡ።

«በሩን የዘጋሁብሽ ቀን...» ብላ ጀመረች ድንቄ።

«ተይው። ልጆች አሉሽ።»

«አልተወውም። ፈሪ ነበርኩ። አሁን ግን ስሚ፤ መጥተው ነበር። ሱራፌልና አምስት ሰዎች፣ ማሽን ተሸክመው። ድምፁን ቀድተን እናስመዝግበው፣ ለወፉ ሲባል፣ አሉን።»

አስናቁ ሽቦውን ጨበጠች። ድምፁ ከተቀዳ ይመዘገባል፤ ከተመዘገበ እግዱ ይነሣል፤ እግዱ ከተነሣ ሣጥን ይሰቀላል። «አስቀዳችኋቸው?»

«ጎህ ሲቀድ ማሽኑን ገደሉ አፍ ላይ ተከሉ። እኛም ወጣን። ቀበሌው በሙሉ፤ ሽማግሌዎቹ ሳይቀሩ። ምን እንደሚል ያወቀ ሰው አልነበረም። እኔ ጮኽኩ፤ ከዚያ ሁሉም ጮኸ። ቆርቆሮ የደበደበ አለ፣ እልል ያለ አለ፣ ሙሾ ያወረደ አለ። ማሽኑ እኛን እንጂ ሌላ ነገር አልያዘም። በማግሥቱም ጮኽን። አምስት ቀን ቆይተው ጠቅልለው ሄዱ። ሲመለሱም ያገኙናል።»

«ዝቅ በሉ እንጂ» አለች ዘቧ ከበሩ።

ድንቄ ዝቅ አላለችም። «ወፉ ጎጆውን ከጓሮዬ በላይ ዛፍ ላይ ሠርቷል። ሁለት ጫጩት ነው።»

አስናቁ ግንባሯን ሽቦው ላይ አሳረፈች። «ያን ሁሉ ጩኸት ስትጮኹ ጫጩቶቹ አልደነገጡም?» አለች።

«እነሱማ ምን ገዷቸው» አለች ድንቄ። «እናታቸው ትል ይዛ ስትመጣ ከኛ በላይ ነበር የሚጮኹት።»